ትልቁን ምረጡ ያልከው ትራክተር

መርሳ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለስጦታው። ያለህበት አገር ሰዉም አየሩም ይስማማህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። መሠረተ ትምህርት መግባቴ በጀኝ፤ አባትህ ሳያውቅ ልጽፍልህ ቻልኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ከሁለት ትራክተር አንዱን ምረጡ ሲባል፣ አባትህ «ቡልጋሪያ የሚማር ልጅ አለኝ» ብሎ አንተን ጠየቀ። «ማሳው ሰፊ ነው፣ ትልቁን ምረጡ» ብለህ ጻፍክ። ትልቁ መጣ። ከእንግዲህ በሬ ምን ያደርጋል ተብሎ የማኅበሩ በሬዎች ሐራ ገበያ ተሸጡ፤ የእኛም በሬ ቦራ አብሮ ሄደ።

ትራክተሩ በመጀመሪያው ቀን ማረሻው ድንጋይ ላይ ተሰበረ። ድንጋዩን ታውቀዋለህ፤ ማሽላ ከወፍ ስትጠብቅ የምትቀመጥበት ነው። በበሬም ቢሆን እሱን እየዞሩ ነበር የሚታረሰው። እንዴት ረሳኸው? ትንሹ ትራክተር ቢሆን ይዞረው ነበር አሉ።

በስብሰባ «ትልቁን ማን አስመረጠ?» ሲባል አባትህ ተነሥቶ «እኔ ነኝ» አለ። ትራክተር ነክቶ የማያውቅ ሰው! ደብዳቤህ ኪሱ ውስጥ ነበር። በሦስት ስብሰባ ግለ ሂስ አስደረጉት። አሁን በሬ የለ፣ ማረሻው አልተጠገነ፣ በዚህ ዝናብ በዶማ ይቆፍራል።

አንተ ደግሞ የትራክተሩን ፎቶ ላኩልኝ አልክ። አባትህ ልጄ ደስ ይበለው ብሎ፣ ከወልድያ ፎቶ አንሺ አስመጥቶ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከጎኑ ቆሞ ተነሣ።

አምላክ የተማርከውን ይባርክልህ። አደራህን ልጄ፣ ፎቶው ሲደርስህ ከአባትህ ኋላ ያለውን ድንጋይ ደህና አድርገህ እየው።

እናትህ ዓለምነሽ