የሚካኤል ጽዋ በእኔ እጅ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ጫማ ጠረግኩ። የባሌን። ቀለም፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ። ከዚያ ከበሩ በስተቀኝ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ። ባለፈው ጊዜ ወደ ውስጥ ነበር። ትንሽ እንቅስቃሴ ያለበት ቤት እንዲመስል ነው።

አከራዬ እትዬ ይታይሽ (ከዚህ በኋላ እ.ይ.) ከበረንዳዋ አይታኝ እንባዋ መጣ። እንዲህ ያለች ሚስት እያለችው ደሳለኝ (ከዚህ በኋላ ደ.፤ ሙሉ ስሙን መጻፍ ያደክማል) አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ እንደወጣ ቀረ፣ ሚካኤል መንገዱን ይክፈትለት አለች። አሜን አልኩ።

ደ. አዲስ አበባ አይደለም። ማክሰኝት ነው። ከዚህ በሚኒባስ ሰዓት አይሞላም።

አጀንዳዬ፣ ላንቺ ለደብተሬ ብቻ። ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ደክሞኛል አለ። ተኛ አልኩት። እንደሱ አይደለም አለ። ማክሰኝት ወዳለ ትምህርት ቤት ዝውውር ጠይቆ ኖሯል፤ ተፈቅዶለታል። አልተጣላንም። ሻንጣው ከብዶት ስለነበር አንዱን ጆሮ ይዤ እስከ ባጃጁ አደረስኩት። የሚሄድ ባሏን ሻንጣ የምትሸከም ሴት ካየሽ እኔ ነኝ።

እ.ይ. ስትጠይቀኝ ሥልጠና ሄደ አልኩ። ሥልጠናው ማለቅ ሲገባው መንገድ ተዘጋ አልኩ። መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር። እዚህ አገር ለውሸት እንደ መንገድ የሚመች ነገር የለም።

ምን ይሰማሻል ካልሽኝ፣ ምንም። ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉ የሚወጉት መርፌ አለ አይደል? ከንፈርሽ ቦታው አለ፣ ግን የሰው ይመስልሻል። ሁለመናዬ እንደሱ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ 12 ሰዓት

ጉድ ተፈጠረ።

እ.ይ. የሚካኤል ማኅበር ካልመጣሽ ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኩ። ማኅበርተኛ አይደለሁም፤ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ተበላ፣ ተጠጣ። ወደ መጨረሻው ዳቦ ይታደል ጀመር። እጄን ዘረጋሁ።

ዳቦው በወዲያ በኩል ነበር የሚዞረው። በእኔ በኩል ቄሱ ጽዋውን ይዘው ቆመዋል። የሚመጣው ወር ተረኛ ሐዘን ላይ ስለሆነች ማን ይቀበልልን ብለው ጠይቀዋል። አልሰማሁም። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። የተዘረጋ እጅ የእኔ ብቻ ነው። ጽዋውን መዳፌ ላይ አኖሩት።

እልልታ። እ.ይ. ዕንቁ የሆነች ልጅ አላልኳችሁም እያለች ታለቅሳለች። ዳቦ ፈልጌ ነው ማለት ነበረብኝ። አሜን አልኩ። እጅ ላይ የገባ ጽዋ ደግሞ አይመለስም። ዘምረው፣ አጅበው፣ ቤቴ አስገቡኝ።

እንግዲህ የሕዳር ሚካኤል እኔ ቤት ነው። በግ ይታረዳል። በግ የሚያርደው አባወራው ነው። እኔ ያለኝ ጫማው ነው።

ዳቦውንም ሳልበላ ቀረሁ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ፣ ቢሮ

ሬጅስትራር መስኮት ላይ። ተማሪ ትራንስክሪፕት ሊጠይቅ መጣ። ሲስተም የለም አልኩት። ሲስተሙ ነበር። ቀና ብዬ ማየት ከብዶኝ ነው። ከሄደ በኋላ አዘንኩ ልልሽ ነበር፤ አላዘንኩም። ማዘን እንዳለብኝ ግን ገባኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ለእህቷ ሠርግ ሚዜ ጎደለን አለች። እሺ አልኩ። እህቷን አላውቃትም።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

እማዬ ከዳባት ደወለች። ደ.ን አገናኝኝ ትላለች ሁልጊዜ። ኔትወርክ የለውም እላለሁ ሁልጊዜ።

ዛሬ ግን ሌላ ነገር ጨመረች። ለሚካኤል ተስላለች። ደ. በሰላም ከገባ ጃንጥላ ታስገባለች፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ጨርቁ ተገዝቷል፣ ዘርፉን ራሷ እየሰፋች ነው። ዓይኗ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው። እማዬ፣ አልኩ። ወዬ ልጄ፣ አለች። ድምፅሽ ተቆራረጠ፣ ኔትወርኩ ሊሄድ ነው፣ አልኩ። ዘጋሁት። ኔትወርኩ የጠራ ነበር።

ሰው ሰውን ይዋሻል። የእኔ ውሸት መልአኩ ጋ ደረሰ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

የጠላ ጉዳይ። ለእ.ይ. እችላለሁ ብያት ነበር። አልችልም። የዳባት ልጅ ሆኜ ጠላ ጠምቄ አላውቅም፤ ልጅ ሆኜ ሥራ ሲመጣ መጽሐፍ እገልጥ ነበር፣ እማዬም ልጄ እያጠናች ነው ብላ ትተወኛለች። አብዛኛውን ጊዜ ገጹን አልገልጠውም ነበር።

ጋኑን ሳላጥን ውሃ ሞላሁበት። እ.ይ. ገብታ አሸተተች። እጅጌዋን ሰበሰበችና ሁሉንም ደፍታ እንደገና ጀመረች። ባልሽ ናፍቆሽ ነው እጅሽ የማይታዘዝሽ አለችኝ። እሱን እንኳን ተውኩት፤ ጥሩ ሰበብ ነው።

ሕዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን ይቅር በይኝ።

እ.ይ. በግ ማክሰኝት ነው የሚገዛው አለች። ከተማው ውስጥ በግ ሞልቷል ብላት አልሰማችም። እሺ አልኩ። በመንገዱ ሁሉ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ። ብርድ ነው አልኳት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

በግ ተራ። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ዋጋ ስንከራከር አንድ ሰው ከኋላችን መጥቶ የበጉን ላት ጨበጥ አደረገና ይህ አይሆናችሁም፣ ጨው አልሰው ውሃ ያጠጡት ነው አለ። ደ. በሰው ግዢ ካልገባ አያድርም። በጉን እንጂ እኛን አላየም። ተከናንቤያለሁ።

እ.ይ. ዞረች። አየችው። ከዚያ እልልልል! በግ ተራ መሐል! መንገዱ ተከፈተ! ሚካኤል አመጣው! አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌው ሳይቀር እንኳን ደኅና ገባህ አለ።

ደ. በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየኝ። እኔም አየሁት። ያኔ አንዳችን አንድ ቃል ብንናገር አለቀ። ደ. አዎ፣ እየገባሁ ነው አለ። እኔ እሰይ አልኩ። እሰይ!

ሸሚዙ ተተኩሷል። እኔ ቤት ካውያ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር። ማን ተኮሰለት ብዬ ቅናቱን ጠበቅኩት። ቆሜ ጠበቅኩት። አልመጣም። የመጣልኝ፣ ኮሌታው እንዴት ሸጋ ሆኗል የሚል ብቻ ነው።

ሌላ በግ መረጠልን። ጥሩ በግ ነው። የቀረ ጉዳይ አለኝ፣ ለሚካኤል እደርሳለሁ ብሎ ተለየን። እ.ይ. በጉ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሳይታሰር እማዬ ዘንድ ደወለች። ዳባት በእልልታ ተናወጠች።

በጉን የግቢያችን ዘበኛ አያ ሞላ ተቀበለን። እሱም ደስ ብሎታል። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል።

ሕዳር 9፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ደ. ደወለ። ይቅርታ አለ። እኔም ይቅርታ አልኩ። ማን ለምን እንደሆነ አልተጠያየቅንም።

ዕቅድ አለው። ለሚካኤል ይመጣል። ያርዳል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። ከዚያ ማክሰኝት ተመድቤያለሁ ብሎ ይሄዳል። በየወሩ ብቅ ይላል። ቀስ በቀስ ብቅ ማለቱ ይቀራል። ማንም አይጎዳም።

እንከን የሌለው ዕቅድ። በትዳራችን ዘመን እንዲህ ተባብረን አናውቅም። እሺ አልኩ።

ልዘጋ ስል ሸሚዝህን ማን ይተኩስልሃል አልኩት። ካውያ ገዛሁ፣ ራሴ ነኝ፣ አለ። ትንሽ አፈር እያለ።

ከሰዓቱን መስኮቴ ላይ ይህንን አሰብኩ። እሱ ሄዶ ሸሚዙን የሚተኩስ ሰው ሆነ። እኔ ቀርቼ የእሱን ጫማ የምጠርግ ሰው ሆንኩ። ይሄ መደንዘዜ እሱ ሲሄድ የጀመረኝ ይመስለኝ ነበር። ሻንጣውን ስሸከም ግን ቀድሞውኑ ደንዝዤ ነበር። ስናገባም ጭምር፣ አጀንዳዬ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እሺ አልኩ። ደ. ክፉ ሰው አይደለም። እሱንም ልክ እንደ ጽዋው ነው የተቀበልኩት፤ ሌላ ነገር ስጠብቅ።

ሕዳር 11፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

እማዬ ገባች። ጃንጥላውን አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋ።

ሳሎን ውስጥ ዘረጋችው። ቤቱን ሞላው። ቀይ፣ ዘርፉ ወርቃማ፤ ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ዘምሟል። በሩ ላይ ያለውን ጫማ አየች፤ መጥረጌን አየች፤ ሸጋ ሚስት ወጣሽ አለችኝ።

ወተት ቀዳሁላት። ሚካኤል ካለፈ በኋላ አለች። ጾም ነው እንዴ፣ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ነው አልኩ። ለረቡዕ አይደለም አለች። ደ. እስኪገባ ወተት ላትቀምስ ለራሷ ቃል ገብታለች። ከክረምት ጀምሮ። ላም እያለቻት። እያለበች፣ እየናጠች፣ ለጎረቤት እየሰጠች።

ጓዳ ገባሁ። የመርፌው ድንዛዜ ሲለቅ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ይነዝራል። ከዚያ ያማል። አመመኝ። አለቀስኩ፣ አጀንዳዬ። ለደ. አይደለም። ለወተቱ።

ሕዳር 12፣ ሐሙስ፣ ማለዳ

ሕዳር እየታጠነ ነው። ከየደጁ ጭስ። የሰፈራችን የቀሐ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ አያ ሞላ የግቢያችንን ቅጠል ከምሮ ለኮሰ።

መጀመሪያ ደ. ጋር ደወልኩ። አትምጣ አልኩት። በጉስ አለ። አትምጣ፣ አይሆንም። ቃሉ አፌ ውስጥ ባዳ ሆነብኝ። እሺ አለ። ቀለል ያለው መሰለኝ።

ከዚያ ጫማውን ይዤ ወደ እሳቱ ሄድኩ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላውን ይዛ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ቆማለች። እዚያው ጭሱ ውስጥ ነገርኳት። ሥልጠና እንዳልነበረ። መንገዱን። ኔትወርኩን። በግ ተራውን። ሁሉንም፣ በአንድ ትንፋሽ።

ጃንጥላውን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ዓይኗ ያነባል፤ በጭሱ ይሁን በእኔ አላወቅኩም።

«ሰውየው ደኅና ነው?» አለች።

«ደኅና ነው።»

«አልታመመም? አልተነካም?»

«ሸሚዙን ሳይቀር ተኩሷል።»

«እንግዲያ መልአኩ የሱን ድርሻ ፈጽሟል። ስለቴን አስገባለሁ።» ጃንጥላውን አስተካክላ ያዘች። «አንቺ ግን ምነው ልጄ? ምነው እኔን? እናትሽ አይደለሁም?»

አቀረቀርኩ። አፈርኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ጫማውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ደሞ ይኼ ይቃጠላል? እንዲህ ያለ ጫማ!» ለአያ ሞላ ሰጠችው። እዚያው ተጫማው። ትንሽ ሰፋው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ስለቱ ገባ። ጃንጥላው ከሌሎቹ መሐል ከሩቅ ይለያል፤ ስፌቱ የዘመመው እሱ ነው። እማዬ ተመልሳ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣች። ቁጭ ብዬ አየኋት። ጨርሳ አፏን ጠረገችና ቀጥኗል አለች።

በጉን አያ ሞላ አረደልን። ደ. ቀረ፤ ጫማው ግን አረደ። ሳቅ አመለጠኝ፤ እማዬም ሳቀች፤ ከዚያ ተቆጣችኝ።

ጠላው ደርሷል። ዳቦው ተሸፍኗል። ጽዋው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሴቶቹ በር ላይ ደርሰዋል፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። እማዬ ለእ.ይ. እኔ ልንገርልሽ ወይ አለችኝ። እሺ ልል ነበር። አይ አልኩ።

እ.ይ. በጓሮ በኩል ገባች። በመስኮት ትታየኛለች። አያ ሞላ ጎንበስ ብሎ ቆዳ እየገፈፈ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቷታል። ጫማውን አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። አሁን እልል ልትል ነው፤ ደሳለኝ ልትል ነው፤ ሳትል ልድረስባት። እትዬ ይታይሽ፣ ያ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት…