የላክሽልኝ ሰዓት ያስደነገጠኝ ጠዋት

ውድ ልጄ ሶረቲ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ የሰው አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ። እኛ ደኅና ነን። አዳማ ሙቀቱ ብሷል። አባትሽ ሽንኩርቱን ሊያስነቅል ዓለም ጤና ወርዶ ሰንብቷል።

እኔን ግን ደክሞኛል። ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ከጎረቤታችን ከእልፍነሽ ጋር ስንራመድ፣ የላክሽልኝን የልብ ምት ሰዓት ባየው ሠላሳ ይላል። ደረቴ ውስጥ የተተከለልኝ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ፔስሜከሩ፣ የልቤ ምት በደቂቃ ከስድሳ በታች እንዲወርድ እንደማይተው ተነግሮኝ የለ? በቃ፣ ደረቴ ውስጥ ቆሟል ብዬ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። እልፍነሽ እየጮኸች ባጃጅ አስቁማ ሆስፒታል አደረሰችኝ።

ሐኪሙ ፔስሜከሩን በመሣሪያ አይቶ፣ «እናቴ፣ ደኅና እየሠራ ነው። የእጅ ሰዓት ሲላላና እጅ ሲወዛወዝ ይሳሳታል» አለኝ።

«ታዲያ በምን ልወቅ?» አልኩት።

«እያወሩ መራመድ ከቻሉ ጥሩ ነው። ካዞረዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ካመመዎት ግን ሰዓቱ ምንም ይበል፣ እርምጃውን ትተው ወደኛ ይምጡ።»

ከዚያ ወዲህ ከእልፍነሽ ጋር የሰፈሩን ወሬ እያወራን ቀስ ብለን እንሄዳለን። ሰዓቱንም አላወለቅኩም፣ አይክፋሽ። ግን ቀኑን ሙሉ የራስን ልብ ሲጠብቁ መዋል እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

እግዚአብሔር በወጣሽ በገባሽበት ይከተልሽ፤ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፣ ልጄ፦ ስትደውዪ «ሰዓቱ ዛሬ ስንት አለ?» ከማለትሽ በፊት «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» በይኝ።

እናትሽ አስካለ