ከሞጣ፣ ስለ አንዲት «ዝቅተኛ»

ይበልጣል ወዳጄ፣ ይህን ፖስት ካርድ በገዛ እጄ ነው የጻፍሁት። አንተ ፈርተህ የቀረህበት የማታ ትምህርት እዚህ አድርሶኛል፤ ማንበብ ካቃተህ ለሚስትህ ስጣት።

ዛሬ እንደ በርበሬ ተቃጥዬ ነው ከስብሰባ የወጣሁ። የአየር ንብረት ለውጥ የትኛውን ሰፈር ይበልጥ እንደሚጎዳ አጥንቶ የጎርፍ መከላከያ ግንብ የት እንደሚሠራ የሚወስን ባለሙያ መጥቶ አክስቴን ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን «እማማ፣ የእናንተ ሰፈር የጎርፍ ስጋት ከፍተኛ ነው ወይስ ዝቅተኛ?» አላቸው።

«እኛማ ዝቅተኛ ነን ልጄ፤ ከገደሉ ሥር ነን፤ የላይኛው ውሃ ሁሉ እኛ ላይ ነው የሚራገፍ» አሉት።

ይኸ ደንቆሮ ሰሌዳው ላይ «ስጋት፦ ዝቅተኛ» ብሎ ጻፈ!

እንደ ዲያቆን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁና «አንተ ሰውዬ፣ ዝቅ ያለው ቤታቸው ነው እንጂ ስጋታቸው መች ሆነ?» አልሁት። «መረጃው ከራሳቸው አፍ የተወሰደ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ሰፈር አለፈ። መከላከያ ግንቡ ለላይኛው ሰፈር ተወሰነ፤ ግንቡ የመለሰው ውሃ እንግዲህ አክስቴ ጓሮ ይገባል። አምና በጎቻቸውን ወስዷል፤ የቀረው ቤቱ ነው። እኛ ቢቸና ዝናብ ቀረ ብለን እናማርራለን፤ እዚህ ሰማዩ ሲያጉረመርም አልጋቸውን ነው የሚያነሡ። አክስቴማ «ምነው አፌን በያዘልኝ» እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ይኸ ነው ያንገበገበኝ!

ካርዱ ጠበበኝ። እናትህን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤታችንን ከሊፋንም ሰላም በልልኝ። ከክረምቱ በፊት አክስቴን ይዣቸው እመጣለሁና የሚከራይ ቤት ፈልግ፤ ከፍ ያለ ቦታ መሆኑን ግን ሄደህ በዓይንህ እይ፣ ጠይቀህ ብቻ እንዳትመለስ።

ምንይሉ