ሽማግሌ ስለላኩልን እናመሰግናለን

ይድረስ ለክቡር አቶ ዘመድኩን፣ ቀድሞ የብስኩት ፋብሪካችን ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ዛሬ የሠራተኛ አቤቱታ የሚሰማው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ቡታጅራ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነሹፌርዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጨጓራዎስ ተሻለው? ከእኛ ጋር በፋብሪካው ደጃፍ ያደረ ቆጮ በሚጥሚጣ ሲበሉ የያዘዎት ሕመም ነውና፣ ሹመት ካላዳነው ምን ያድነዋል ብለን ስንጨነቅ ቆይተናል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው የሊጥ ክፍሏ ፈቲሀ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ከቀኝ እጇ ሁለት ጣት ከመጉደሉ በቀር ሌላው አካሏ ሙሉ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለመክሰስ አለመሆኑን አስቀድሜ በትሕትና እገልጻለሁ። እርስዎን ለመክሰስ አቤቱታ ማስገባት ያለብኝ ለእርስዎ ነው፤ ይህንንም ሞክሬ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግረውኛል። ስብሰባው በሰላም እንዲያልቅ እየጸለይኩ፣ እስከዚያው ጥቂት ነጥቦች ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ እንግሊዛዊው። ማኅበሩን ባቋቋምንበት ጊዜ ከአዲስ አበባ ሥልጠና ሲመለሱ፣ በምሳ ሰዓት ከብበንዎት ቁጭ ብለን፣ ከሰል ቆፋሪ የነበረ፣ ኋላም የሠራተኛ ማኅበር መሪ ሆኖ የአገሩ ምክር ቤት ድረስ ስለዘለቀ አንድ እንግሊዛዊ ያጫወቱንን አልረሳንም። ሰውየውን እንደ አጎታችን ነበር የምናውቀው። ታሪኩ ግን ሁልጊዜ የሚያበቃው የምክር ቤቱን በር አልፎ ሲገባ ነበር፤ እኛም አጨብጭበን ወደ ማሽናችን እንመለሳለን። ከገባ በኋላ ምን እንደሆነ፣ ጉድጓድ ውስጥ የቀሩት ጓደኞቹ ሲጣሩ እሱ ይሰማቸው እንደነበር፣ አንዳችንም አልጠየቅንም። ያልጠየቀ ሰው ደግሞ መልስ ተከለከልኩ ብሎ አይከስም።

፪ኛ. ስለ ምርጫው። ለምክር ቤት ሲወዳደሩ ከእንሴኖ እስከ ቡታጅራ ቤት ለቤት እየዞርን «የራሳችን ሰው ነው፣ የማሽን ዘይት ሸቶት ያደገ ነው» እያልን የለመንንልዎት እኛ ነን። ተመርጠው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሾሙም ለመስቀልዎ በግ ነድተን መጣን፤ ሙስሊሞቹ ጓደኞቻችን ሳይቀሩ አዋጥተው፣ ፈቲሀ ራሷ ገመዱን ይዛ። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እንጂ። ክቡርነትዎን በላም መመሰሌ ስለ ወተቱ ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ።

፫ኛ. ስለ መከለያው። ሊጥ በሚዳምጠው ማሽን ላይ እጅ እንዳይገባ የሚከለክል ብረት እንደነበረ ያስታውሳሉ። አንድ ጊዜ ተፈትቶ ሲያገኙት «ይህ ሳይገጠም ማሽኑ አይነሳም» ብለው ከፊቱ የቆሙት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ወደ ወንበርዎ ሲሄዱ ብረቱም ሥራ ያዘገያል ተብሎ ሄደ፤ የፈቲሀም እጅ ገባ። ፋብሪካው ጥፋቱ የራሷ ቸልተኝነት ነው ብሎ አሰናበታት። እሷም ሥራዋ እንዲመለስላትና መከለያው እንዲገጠም ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከተች። ተቆጣጣሪ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ክቡርነትዎ ሽማግሌ ላኩልን።

ስለ ሽማግሌዎቹ ልዩ ምስጋና አለኝ። ድሮ በትርፍ ሰዓት ጉዳይ ፋብሪካው ሽማግሌ ሲልክብን፣ «ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው፤ እኛ ሕግ ይከበር አልን እንጂ ከማንም አልተጣላንም» ብለው በአክብሮት ሸኝተዋቸው ነበር። አሁን ሲገባኝ የፋብሪካው ስሕተት አድራሻ ላይ ነበር። እነሱ የላኩት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ነው፤ ቢሮ ደግሞ እናት የለውም። የአገሩን ወግ የሚያውቁት ክቡርነትዎ ግን የፈቲሀ እናት ያሉበትን ቤት መረጡ።

ከላኳቸው መካከል ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሀጂ ሰይዶ ነበሩ፤ አቶ ባዩም ነበሩ። በሰፈራችን ሁለቱን እምቢ ያለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። ዝናብ እየወረደ ደጃፉ ላይ ቆሙ። የፈቲሀ እናት ግቡ፣ ተቀመጡ ብለው ቢለምኑ፣ ሀጂ ከዘራቸውን ተደግፈው «እሺ ካላለችን አንቀመጥም። እሺ በይን ልጄ፣ አቤቱታውን ተይልን፤ እኛን አታሳፍሪን» አሉ። እናቷ በሀፍረት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። እኔ ከአጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ሕግ አለ ልል አፌን ከፍቼ፣ ሀጂ የሚያማቸውን ጉልበት በመዳፋቸው ሲያሹ አይቼ ዘጋሁት። ፈቲሀ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ሻሿ ሥር ደብቃ «እሺ» አለች። ገብተው ተቀመጡ፤ መርቀውም ወጡ። ኋላ ለምን ብላት፣ «ሽማግሌ መልሼ እዚህ ሰፈር እንዴት እኖራለሁ፣ እናቴስ ገበያ እንዴት ትወጣለች?» አለችኝ።

ጽሕፈት ቤትዎም መዝገቡን «በስምምነት ተዘጋ» ብሎ ዘጋው። እውነት ነው፤ እሺ ብላለች።

፬ኛ. አራተኛ ነጥብ ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። ክቡርነትዎ፣ እውነቱን ልንገርዎና ደክሞኛል። አቤት የሚባልበት በር ላይ የራሳችንን ሰው አስቀመጥን፤ አሁን በእርስዎ ላይ አቤት የምንልበት ሌላ በር አናውቅም። ሀጂንም ልቆጣ አልችልም፤ የላካቸው ሰው የነገራቸውን አምነው ነው የመጡት። ማሽኑ መከለያው እንደተፈታ ይሠራል። ፈቲሀ በነበረችበት ቦታ ላይ ከሰኞ ጀምሮ የተመደብኩት እኔ ነኝ።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ጨጓራዎ እንዲድን፣ ስብሰባዎም አንድ ቀን እንዲያልቅ ከልብ የምመኝልዎ፣ መኪናዎ ጭቃ ረጭቶባት ሲያልፍ እንኳ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳ፣ የማኅበሩ አባል፣

ዓለምዘውድ
ከሊጥ ክፍል

ማሳሰቢያ፦ ወደ እኔም ቤት ሽማግሌ መላክዎ አይቀርምና፣ እባክዎ አስቀድመው ይላኩልኝ። በአገራችን ትልቅ ሰው የሚቀበሉት በሁለት እጅ ነው።