ያልከፈትኩት ሻወር

ኅዳር 3
ሦስት ራስ ምታት፣ አንድ የወገብ ሕመም፣ አንድ «እባክህ እረፍት ጻፍልኝ»። የባትሪ ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ሥራው ይኸው ነው። ከምሳ በኋላ ባትሪ ውስጥ አሲድ ለሚሞሉት ሠራተኞች ሥልጠና ሰጠሁ። «አሲድ ከነካችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» «ውኃ!» «ለስንት ደቂቃ?» «ሠላሳ!» ብዬ ራሴው መለስኩ። አንዱ ጭራሽ አንኮራፋ። ሳቂታ ደግሞ... ሁሌ ስለምትስቅ በስሟ የሚጠራት የለም... «ሠላሳ ደቂቃ የሚወርድ ውኃ እኮ ቤታችንም የለ!» ብላ ሁሉን በሳቅ ገደለችው።
ማታ ሳልወጣ የወሩን የደህንነት ቅጽ ሞላሁ። አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ አሥራ ሁለት «አዎ»። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጎበዝ ነኝ።

ኅዳር 8
ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጩኸት። የአሲድ መሙያው ቱቦ ከመጋጠሚያው ተላቆ አሲዱ ሳቂታ ላይ ተረጨ። ፊቷ፣ ቀኝ ክንዷ፣ ደረቷ። ላቧን ልትጠርግ የመከላከያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላው ነበር።
እኔስ? የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነርስ፣ የሥልጠናው መምህር፣ ምን እያደረግኩ ነበር? የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ እፈልጋለሁ! ቅባት ልይዝላት! ቅባት...!
ስደርስ ሁለት ሰዎች የአደጋ ጊዜ ሻወሩን እጀታ ይጎትታሉ። ጠብ አይልም። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ የወለል ማጠቢያውን ጎማ ስበው አምጥተው ሳቂታ ላይ ያፈሳሉ። እኔን ሲያዩ «ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ልብሷን ቅደድ እንጂ!» አሉኝ።
ያኔ ነቃሁ። ጓንት አጠለቅኩ፣ ልብሷን በመቀስ ቀደድኩ፣ ሰዓቷን ፈታሁ፣ የዓይኗን ቆብ በጣቴ ከፍቼ ያዝኩ።
«በቃ! በቃ! ብርዱ ገደለኝ!»
«አልበቃም የኔ እህት፣ ትንሽ ብቻ ቻይው...»
ፎርማኑ መኪና አስነስቶ ይጮህብኛል። «ሆስፒታል እንውሰዳት! ዓይኗ ቢጠፋ ተጠያቂው አንተ ነህ!»
«ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ ከዚህ አትነሳም» አልኩት። ድምፄ የጀግና ነበር። ጎማውን የያዙት ግን እትዬ ናቸው።

ኅዳር 9
ሆስፒታል ሄድኩ። ዓይኗ ተሸፍኗል። ሐኪሙ «ማነው ያጠባት?» ሲለኝ ሊቆጣ መስሎኝ «የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው» አልኩ። ለካ ሊያመሰግን ነው! «ዓይኗ ከተረፈ ያተረፈው ያ ውኃ ነው። የክንዷ ቃጠሎ ግን ጠልቋል፣ ከጭኗ ቆዳ ወስደን እንለጥፍላታለን።»
«እኔም ነበርኩ» ልል አፌን ከፈትኩ። ደግነቱ ዘጋሁት።

ኅዳር 13
ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። «ባለሙያው በፍጥነት ደርሶ...» ይላል። በፍጥነት! ባለቤቴ አንብባው «ፍሬም እንግዛለት?» አለች። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።
ሻወሩ ለምን ደረቀ ብሎ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ቧንቧ ሠራተኛው እንደነገረኝ መስመሩ ከተዘጋ ሰባት ወሩ ነው። እኔ ደግሞ በየወሩ «ሻወሩ ይሠራል?» ለሚለው «አዎ» ብዬ ፈርሜያለሁ። እጀታውን አንድ ቀን እንኳ ሳልነካ። ለምን? ልብሴ እንዳይረጥብ። የተሻለ ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ... የለም።

ኅዳር 16
ወረቀቱን መለስኩ፤ ሰባቱን ቅጾች ከላይ አድርጌ። ሥራ አስኪያጁ እያገላበጠ አነበበ።
«ባትነግረኝ ማን ያውቅ ነበር?»
«ማንም አያውቅም ነበር።»
ከባድ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። የደህንነት ኃላፊነቱንም ተነጠቅኩ። ለእትዬ «ምስጋናው የእርስዎ ነበር» ስላቸው፣ «ወረቀት ገላ አያጥብ! ውኃውን አስከፍቱልን» ብለው መጥረግ ቀጠሉ።

ኅዳር 17
ለሳቂታ ነገርኳት። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር... በወረቀት! ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ሂድልኝ።»
በሩ ጋ ስደርስ ያመጣሁት ብርቱካን እጄ ላይ ነው። ልተወው? ይዤው ልሂድ? ይዤው ወጣሁ። ከዚያ ተመልሼ ገብቼ አስቀመጥኩት። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ጅል ይሆናል?

ታኅሣሥ 5
ከሆስፒታል ወጣች አሉ። ዓይኗ ያያል! ያያል! ፋሻዋን ግን የምታስቀይረው ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ነው። እኔ ዘንድ አትመጣም። እውነቷን ነው።

ታኅሣሥ 12
ሻወሩ ተጠገነ። ልሞክረው ብዬ እጀታውን ሳብኩት፤ ሥሩ መቆሜን ረስቼ። የፋብሪካው ሰው በሳቅ ሞተ። እስከ ምሳ ጫማዬ ጯ ጯ ሲል ዋለ። ቅጹ ላይ ፎርማኑ ፈረመ። ለእኔ ብዕሩን እንኳ አላቀበለኝም።

ታኅሣሥ 24
ሳቂታ ክሊኒኩ መጣች። ሳታንኳኳ ገብታ ተቀመጠች፣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።
«ይቅር አላልኩህም።»
«አውቃለሁ።»
«የጤና ጣቢያዋ ልጅ ፋሻውን በደረቁ ነው የምትነቅለው። ነፍሴን ነው የምታወጣው።»
ፋሻውን በጨው ውኃ አራስኩት። ጠበቅኩ። ራሱ እስኪለቅ ድረስ ጠበቅኩ። አዲሱ ቆዳ ይዟል፤ ክርኗ ጋ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው የቀረው። ዘፈን ላንጎራጉርላት ቃጣኝ... እግዜር አፌን ያዘልኝ።
«ያማል?»
«ቢያመኝ ዝም እል ነበር?»
በአዲስ ፋሻ አሰርኩላት። አንድም ጊዜ አልሳቀችም። ከበሩ ላይ ዞር ብላ «ከነገ ወዲያ በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች።
«በፈለግሽው ሰዓት።»
ሰዓቱን ሳትነግረኝ ወጣች። እንግዲህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ እጠብቃታለሁ።