በግቢ በቆመች መኪና ውስጥ የሰማነው በገና

እናኑዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየሽኝ ሦስተኛው ወር እያለቀ ነው። ሰኔ ገብቷል፣ ዝናቡም ጀምሯል። እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር አሰብሁና እጄ እንቢ አለኝ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ሰው ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለአንቺ ዋሽቼ ስለማላውቅ አሁንም አልዋሽሽም።

ቤቱ እንዳለ ነው፣ ግን እንዳለ አይደለም። ልጃችን ሃይማኖት ለአርባሽ ከአዲስ አበባ መጥታ መጋረጃውን አጥባ ስትሰቅለው ገለበጠችው፤ አንቺ የማትወጅው ጎኑ ወደ ውስጥ ዞሯል። በየቀኑ አየዋለሁ፣ አላስተካክለውም። የምስማርና የቀለም ሱቄን አርፍጄ እከፍታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቁልፉን ይዤ በሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ በአጥሩ በኩል ምሳ ታቀብለኛለች። እቀበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ግማሹን ለውሻው እሰጠዋለሁ። ይህን እንዳትነግሪብኝ ልል ነበር። ለማን ትነግሪብኛለሽ?

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሲዲው ነው። ሌላው ሁሉ አፌ ላይ ይቆምብኛል፤ ስለ ሲዲው ግን ማውራት እችላለሁ።

በታኅሣሥ ለመጀመሪያው መድኃኒት ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ በአሮጌዋ ቪትዛችን ነበር። ስንመለስ ደምበጫ ላይ አስቆምሽኝ። ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብለሽ ከቆየሽ በኋላ ውኃ ሰጠሁሽና ሆድሽን ይሆን ብዬ ጠየቅሁሽ። «ሆዴስ ይቻላል» አልሽኝ፣ «ዝምታው ነው። የሞተሩን ድምፅ ብቻ ስሰማ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ቦታ ይሄድብኛል።» የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁሽም። የእኔም እዚያው ይሄድ ነበርና።

ያቺ መኪና ከጃፓን እንደመጣች ናት። ቴፗ የሚጽፈው በጃፓንኛ ነው፣ ሬዲዮዋ የእኛን አገር ጣቢያ አይዝም፣ የፍላሽ መሰኪያ የላትም። ያላት የሲዲ መክተቻ ብቻ ነው። ስልኬን ከፊት አስቀምጬ ብከፍትልሽ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ማዳመጫ ገዝቼ ሳመጣልሽ ደግሞ ገፋሽው፤ «አንተ ዝም ብለህ እየነዳህ እኔ ብቻዬን ልስማ? አብረን ካልሰማን ይቅር» አልሽ።

እንግዲህ ጀማል ጋ ሄድሁ። ድሮ መናኸሪያው አጠገብ ካሴት ይሸጥ የነበረው ጀማል፣ አሁን ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ኢንተርኔቱ በጠፋበት ሰሞን የድሮ ዘፈን ያለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። አንድ ሲዲ ላይ ከመቶ በላይ ዘፈን ጫነልኝ። እየሮጥሁ መጥቼ ቪትዟ ውስጥ አስቀመጥሁሽና ከተትሁት። ቴፑ ሳበው፣ አጉረመረመ፣ በጃፓንኛ የሆነ ነገር ጻፈና መልሶ ተፋው። አገላብጬ ከተትሁት፤ ተፋው። በነጠላዬ ጠርጌ ከተትሁት፤ ተፋው። አንቺ ጽሑፉን ጎንበስ ብለሽ አየሽና «ሰድቦናል» አልሽ። ከታመምሽ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ ያየሁሽ የዚያን ቀን ነው። እኔም ሳቅሁ። ባይዘፍንም ያ ሲዲ ይህን አድርጎልናል።

ጀማል ነገሩን አስረዳኝ። አሮጌ ቴፕ እንደዚያ የታጨቀ ሲዲ ማንበብ አይችልም፤ ድሮ ከሱቅ እንደምንገዛው ሲዲ ተደርጎ መሠራት አለበት፣ ያኔ ደግሞ የሚይዘው ሃያ የማይሞላ ዘፈን ነው አለኝ። ባዶ ሲዲዎች ገዛሁና የሃይማኖትን አሮጌ ላፕቶፕ አውጥተን እኔና አንቺ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ከመቶው ሃያ መምረጥ እንዴት አስቸገረን! አንዱን ስትጨምሪ ሌላውን አውጪ ይልሻል። ቁይ ተመድበሽ አንደኛ ክፍል ስታስተምሪ፣ እኔ በገበያ ቀን በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ልጠይቅሽ ስመጣ ሻይ ቤቱ ውስጥ የሚከፈተውን ዘፈን «ይኼማ አይወጣም» ብለሽ ያዝሽው። እኔ ረስቼው ነበር። አንቺ ያን ቀን የለበስሁትን ሹራብ ሳይቀር ነገርሽኝ። ክርኑ ላይ የተቀደደ ነበር አልሽ።

ያ ሲዲ ላፕቶፑ ላይ ጥሩ አድርጎ ዘፈነ። መኪናዋ ውስጥ ስከተው ግን ያው በጃፓንኛ መሳደብ ሆነ። ተመልሼ ጀማል ጋ ሄድሁ። «ጋሽ ታደለ፣ ሲያልቅ ዘግተኸዋል?» አለኝ። ለካ ሲዲ «በርን» ተደርጎ፣ ዘፈኑ ተጽፎበት ማለት ነው፣ ሲያልቅ ሌላ ነገር እንዳይጨመርበት መዘጋት አለበት፤ ክፍት ከተተወ ቴፑ ያላለቀ ነገር ነው ብሎ አይቀበለውም። የሚቀጥለውን ዘጋሁት። ሁለት ዘፈን ዘፈነና በሦስተኛው ላይ መንተባተብ ጀመረ። ጀማልን ስጠይቀው በፍጥነት ስለጻፍኸው ነው፣ ቀስ አድርገው አለኝ። ቀስ ሳደርገው ደግሞ መሐል ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል፤ ሲዲው ከነግማሽ ዘፈኑ ተበላሸ። አንቺ የተበላሹትን እየሰበሰብሽ በክር አሰርሻቸውና ወፍ እንዲያባርሩ ጎመኑ ላይ ሰቀልሻቸው። አሁንም እዚያው ናቸው፤ ጎመኑ ግን ዝናቡ ሳይገባ አርሯል፣ ውኃ የሚያጠጣው አልነበረም።

በመጨረሻ አንዱ ሙሉውን ዘፈነ። ደስ ብሎኝ ነገርሁሽ። «ታዴ፣ ጾም እኮ ገባ» አልሽ ቀስ ብለሽ። ለካ እየታገልሁ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ዘፈን በጾም አትሰሚም። አልተናደድሁም፣ ሳቄ መጣ። እንደገና ጀማል ጋ ሄጄ በገና አመጣሁ፤ መዝሙሩን ቀስ አድርጌ፣ ሳልቸኩል፣ መብራቱን እየለመንሁ «በርን» አደረግሁትና ዘጋሁት። በቀጠሮሽ ዋዜማ ግቢ ውስጥ ሞከርነው። ቴፑ ሳበው፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ በገናው ያን ወፍራም ድምፁን አሰማ። ወንበሩ ሥር ድረስ ይነዝር ነበር። ዓይንሽን ጨፈንሽ፣ እጅሽንም እጄ ላይ አደረግሽው።

በማግሥቱ ጠዋት ወጣን። እየሰማሽ፣ አንዳንዴም ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ አማኑኤል ከተማ ደረስን። እዚያ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። ወርጄ ጠየቅሁ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር «መንገድ ተዘግቷል፣ ጋሼ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም» አለኝ። በሽተኛ ይዣለሁ አልሁት። ወደ አንቺ በመስኮቱ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ «ብታልፍ እኔም ደስ ባለኝ፤ ግን አያሳልፉህም» አለ። እስከ ቀትር ጠበቅን። ከዚያ መሪውን አዞርሁ። እኔ መንገዱ አይታየኝም ነበር፤ እያለቀስሁ እንደነበር አውቀሻል፣ ግን እንዳላየሽ ሆንሽ። «ከመጀመሪያው አስጀምረው» ብቻ አልሽኝ፣ «መመለሻችንንም እንስማው።»

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄድሁ ጠየቅሁ። በዓባይ በኩል ወደ አዲስ አበባ ልውሰድሽ ብዬም ጠየቅሁ፤ ያም ዝግ ነበር። እዚሁ ወዳለው ሐኪም ቤት ወሰድሁሽ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ማስታገሻ ሰጠን፣ «ያኛው መድኃኒት ግን እኛ ጋ የለም» አለኝ በሩ ላይ፣ አንቺ እንዳትሰሚ። ቀጠሮሽ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። አንገትሽ ላይ ያለው እብጠት እያደገ ሲሄድ በነጠላሽ መሸፈን ጀመርሽ።

አልጋ ሲሰለችሽ «መኪናዋ ውስጥ አስቀምጠኝ» ትይኝ ነበር። በጋቢ ጠቅልዬ አወጣሽና ከፊት ወንበር ላይ አጋድሜሽ በገናውን እከፍታለሁ። ከመሪው ኋላ እቀመጣለሁ። የትም አንሄድም፣ ፊት ለፊታችን ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው። አንድ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ መጥታ ጫማዋን አውልቃ ከኋላ ገባችና «ወዴት ነው የምትወስዱኝ?» አለች። አንቺ ዓይንሽን ሳትገልጪ «ባሕር ዳር ደርሰናል፣ ሐይቁ አይታይሽም?» አልሻት። እትዬ ጥሩወርቅ መስኮቱን ማየት ጀመረች። እኔም መስታወቱን አስተካከልሁ፤ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ።

ባትሪው አንድ ጠዋት ሞተ። ሞተሩ ሳይነሣ ስንት ቀን ቴፕ ስናሠራው ከረምን! ፈታሁትና ላስሞላው ነው አልሁሽ። አልጋሽ ላይ ሆነሽ «ሳይሞላ ይዘኸው እንዳትመጣ» አልሽኝ። ፈገግ ብለሽ ነበር። ስለዚህ ባትሪ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሰውየው ሂድና ከሰዓት ተመለስ አለኝ፤ አይ፣ እጠብቃለሁ አልሁት። ሲሞላ በባጃጅ ጉልበቴ ላይ ይዤው መጣሁ። የግቢው በር ክፍት ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ባትሪውን እንደተሸከምሁ ገባሁ፣ እንደተሸከምሁ አየሁሽ። ማን ከእጄ እንደወሰደው አላውቅም።

እትዬ ጥሩወርቅ ብዙ ቀን ደብቃኝ ኋላ ነገረችኝ። «መጣ?» ብለሽ አንዴ ጠይቀሻል። እሷም «እየመጣ ነው» ብላሻለች። ከዚያ ምንም አላልሽም። እናኑዬ፣ እየመጣሁ ነበር። በእውነት እየመጣሁ ነበር።

ሃይማኖት ቀብርሽ ላይ አልደረሰችም። መንገዱ ዝግ ነበርና ልቅሶውን በስልክ ሰማችው፤ አንድ የሰፈር ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞላት፣ ድምፅዋ ከእኛ ጩኸት መሐል ይሰማ ነበር። አንቺን በቀበርን በሳምንቱ መንገዱ ተከፈተ። በሳምንቱ! አውቶብሶች ከቤታችን በላይ ባለው መንገድ ጡሩምባ እየነፉ ሲያልፉ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት። ካህናቱ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ግን አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም፣ ይግባኝም አላልሁ።

ልጅሽ ስትመጣ ባትሪውን አስገጠመችና ሲዲውን ልስማ አለች። የአንቺ ቦታ ላይ ተቀመጠች። በገናው ሲጀምር እኔ መቀመጥ አልቻልሁም፣ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምሁ። እስከ መጨረሻው ሰምታ ወጣች፤ ዓይኗ አብጦ ነበር። «አባዬ፣ ስልክ የሚቀበል ዘመናዊ ቴፕ ልግዛልህ፣ ይኼ ይውጣ» አለችኝ። አይሆንም አልኋት። አብረሃት አዲስ አበባ ሂድ የሚሉኝ አሉ፤ ለእነሱም አይሆንም አልሁ። መኪናዋን አልነዳትም። ሱቅ የምሄደው በእግሬ ነው።

የቀረኝ አንቺን ማስታወስ ነው፤ ያን አደርጋለሁ። የሚያጽናና ነው እንዳትይ፣ አያጽናናም። ግን ሹራቤ ክርኑ ላይ እንደተቀደደ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን እኔም ካልያዝሁልሽ ያ ሁሉ ዘመናችን ባለቤት የለውም። ስለዚህ እይዘዋለሁ፣ እስክመጣ ድረስ።

ትናንት አንድ ነገር ሆነ፤ ደብዳቤውንም የጀመርሁት ለዚያ ነው። ሱቅ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ሴት ናት፣ ድምፅዋ ወጣት ነው፣ ከባሕር ዳር ነው የምትደውለው። «የወይዘሮ እናኑ ቤተሰብ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኋት። «ቀጠሮዎቿ አልፈዋል፤ በመንገዱ ምክንያት የቀሩትን ሁሉ እየደወልን ነው። አሁን መንገዱ ሰላም ስለሆነ ሰኞ ይዘዋት ይምጡ፤ መድኃኒቷም ገብቷል» አለች። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ምስማር ይጠብቃል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ምስማሩን ሚዛን ላይ አፈሰስሁ። «አባቴ፣ ይሰሙኛል?» አለች። እሰማለሁ አልኋት። «እባክዎ ይንገሯት፣ ሰኞ እንዳትቀር።»

እነግራታለሁ አልሁና ስልኩን ዘጋሁት።

ይኸው ነገርሁሽ፣ እናኑዬ።

ታደለ