ዳልቻ የላሰችው ቆዳ

ዳምቦያ፣ ኅዳር 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የዓለማያ ምግብ ተስማማሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አላመመኝም። እናትሽም ቆማ ትሄዳለች። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። የእንስሳት ጠባይና ደህንነት መምህራችሁ፣ ጥጃዋ የሞተባት ላም እንዴት እንደምትታለብ ከየአገራችሁ አስጽፋችሁ አምጡ ብሏል። የላማችን የዳልቻ ጥጃ በመስከረም ሞተ። እንደ ልማዳችን ቆዳውን ገፍፌ፣ ገለባ ጠቅጥቄ ሰፋሁት፤ ጨው ነስንሼም እናትሽ ስታልባት ከፊቷ አቆምኩላት። አሽትታ አሽትታ ላሰችው፤ ወተቷንም ለቀቀች። በሰባተኛው ቀን ስፌቱ ተተርትሮ ገለባው ወጣ። ገለባውን በላችና ቆዳውን መላሷን ቀጠለች።

መምህርሽ ሽታው ነው የሚያታልላት ይላል አልሽኝ። እኔ ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም አልስማማም። ከሆዱ ገለባ አውጥታ የበላች ላም የምትልሰው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ቀርታ ነው? ይህን ጠይቂልኝ።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። በጥቅምት መጀመሪያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠና አስጠራኝ። ወረቀት ሰጠኝ፤ ቆሜ አነበብኩት። ወንድምሽ ተገኘ ከሰሜን አይመለስም።

«አባባ፣ ለቅሶ እንዳይቀመጡ። ከበላይ ተከልክሏል» አለኝ።

«ልጄ ለጦርነት ሲወሰድስ የበላይ ነው የወሰደው ወይስ አንተ?» አልኩት።

ቤት ስገባ እናትሽ ወረቀቱን አየች። «የተገኘ ነው? ያንብቡልኝ እንጂ!» አለች። ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ አፌ ግን ሌላ አነበበ። ደህና ነኝ፣ ጓደኞቼ ጥሩ ናቸው፣ እማዬን ሳሙልኝ ይላል አልኳት። ቤተ ክርስቲያናችን ሳይዘጋ በፊት፣ አንዲት ቃል ዋሸ ብዬ አቶ ሀብቴን ከሽማግሌነት ያስወረድኩ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ማታ ያንኑ ወረቀት ታስነብበኛለች። እኔም እየጨመርኩ አነባለሁ። ባለፈው አሥር አለቃ አድርጌ ሾምኩት።

«ማን? ያ እንቅልፋም?» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሁለት ጊዜ እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለቴም «ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ» ብላ ተነሣች።

ትናንት ደግሞ የጎረቤታችን የጣቢታ ባል ታሞ ልትጠይቀው ስትሄድ፣ ለተገኘ ያሠራችውን አዲሱን ጋቢ ከሣጥን አወጣች።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለታመመው።»

«ተገኘ ሲመጣስ ምን ይለብሳል?»

ጋቢውን አጥፋ አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። «እሱን አይበርደውም» አለች። በሩ ላይ ደርሳም ፊቷን ሳትመልስ፣ «ስመለስ ያነቡልኛል፤ መነጽርዎን አይጣሉት» አለችኝ።

ተመለሰች። አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ልጄ፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ «እንዲህ አድርጊ» ሳልልሽ የዋልኩበት ቀን የለም። ለዕረፍት ስትመጪ እናትሽ ደጃፍ ላይ ትቀበልሻለች። ያን ጊዜ አልቅሺ ወይም አታልቅሺ የምልበት አፍ የለኝም። እኔ ከጓሮ እንሰቱ ውስጥ እቆያለሁ።

ትምህርትሽን አታቋርጪ። ጌታ በወጣሽበት ይጠብቅሽ፣ በገባሽበት ይከተልሽ፤ ለእናትሽ ያቆይሽ።

አባትሽ